ሙቪ ስታር ማለት ምን ማለት ነው? አክተር ሁሉ ስታር ነው እንዴ?

አንድ ሰው ፊልም ላይ ከታየ ፎቶው ሲለጠፍ "ሙቪ ስታር" የሚል ካፕሽን አይጠፋም። ለመሆኑ ቃሉ ለማን ነው የሚባለው? ከየትስ መጣ? ዛሬ እሱን እናያለን።

ቀጥታ ሲተረጎም "የፊልም ኮከብ" ማለት ነው፤ እኛም "ኮከብ ተዋናይ" እንላለን። አሜሪካኖች "ሙቪ ስታር" ሲሉ እንግሊዞች አብዛኛውን ጊዜ "ፊልም ስታር" ይላሉ። ትርጉሙ አንድ ነው። "ስታር" የሚለው አጠራር ከሲኒማ በፊትም ለቲያትር መድረክ ዝነኞች ይባል ነበር። ፊልም ሲመጣ ቃሉን ከቲያትር ወረሰ።

አክተር እና ስታር በምን ይለያያሉ?

አክተር ሙያ ነው። የሚተውን ሁሉ አክተር ነው። ስታር ግን ተመልካች የሚሰጠው ቦታ ነው። ስሙ ብቻውን ሰውን ትኬት የሚያስቆርጥ ከሆነ ያ ሰው ስታር ነው።

ቀላል መለያ እንስጣችሁ። "የሻሩክ ካን ፊልም አየሁ" ወይም "የቶም ክሩዝ አዲሱ ፊልም ወጣ" እንላለን አይደል? ፊልሙን የጻፈው ሌላ፣ ዳይሬክት ያደረገው ሌላ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን "የእሱ ፊልም" ብለን ለአክተሩ ሰጠነው። ስታርነት ማለት ይሄ ነው።

በሌላ በኩል ፊቱን በብዙ ፊልም የምናውቀው፣ ስሙን ግን የማናውቀው ጎበዝ አክተር አለ። "ያ ሁሌ ፖሊስ ሆኖ የሚሠራው ሰውዬ" እያልን ነው የምንጠራው። በችሎታ ከስታሩ ሊበልጥ ይችላል። ስታር ግን አይባልም። ኦስካርም ቢሆን ለአክተሮች የሚሰጠው በትወናቸው ነው፤ የስታርነት ሽልማት የለውም።

አብረው የሚመጡ ቃላት

- ስታሪንግ፦ ፖስተር ላይ ከስም በፊት ይጻፋል። "ዋናውን ሚና የሚጫወቱት እነ እገሌ ናቸው" ማለት ነው።
- ኮ ስታር፦ ከሌላ መሪ ተዋናይ ጋር አብሮ የሚሠራ።
- ሱፐርስታር፦ ከስታርም ከፍ ያለ፣ ዝናው ከአገር አገር የተሻገረ። ለዘፋኝም ለስፖርተኛም ይባላል።
- ሴሌብሪቲ፦ በማንኛውም ምክንያት ታዋቂ የሆነ ሰው። ሙቪ ስታር ሁሉ ሴሌብሪቲ ነው፤ ሴሌብሪቲ ሁሉ ግን ሙቪ ስታር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። እኛ አገር ለተዋናይም ለዘፋኝም "አርቲስት እገሌ" እንላለን። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ግን "አርቲስት" ብትሉ አንባቢው ሠዓሊ ወይም ሙዚቀኛ ሊመስለው ይችላል። "ሙቪ ስታር" ብትሉ ደግሞ ሊጋነን ይችላል። ለተዋናይ "አክተር" በቂም ትክክልም ነው።

ቃሉ ስም ከሌላቸው ሰዎች ነው የተነሳው

በአሜሪካ የፊልም ሥራ መጀመሪያ ዓመታት አብዛኛው ፊልም የተዋናዮቹን ስም አይጽፍም ነበር። ስማቸው ከታወቀ ብዙ ደሞዝ ይጠይቃሉ የሚል ስጋት በኩባንያዎቹ ዘንድ እንደነበረ ይነገራል። ተመልካቹ ግን ፊታቸውን ለይቶ ያውቃል። ፍሎረንስ ሎውረንስ የምትባለዋን ተዋናይት፣ ስሟን ስለማያውቅ በምትሠራበት ኩባንያ ስም "የባዮግራፍ ልጅ" እያለ ይጠራት ነበር።

በኋላ ዩኒቨርሳልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ካርል ሌምል ወደ ራሱ ኩባንያ ወሰዳት። እ.ኤ.አ. በ1910 መጀመሪያ ላይ "ትራም ገጭቷት ሞተች" የሚል ዓይነት ወሬ ተነዛ። የሌምል ኩባንያ ወዲያው በማስታወቂያ "ውሸት ነው፣ በሕይወት አለች" ብሎ አወጣ፤ ስሟንም በግልጽ ጻፈ። ከዚያ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄዳ ሕዝብ ፊት ታየች፤ ብዙ ሰው ወጥቶ ተቀበላት። ወሬውን ራሱ ሌምል እንዳስነዛው በብዛት ይታመናል። ዛሬ "ለፕሮሞሽን ብሎ ነው" የምንለው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ስም ገንዘብ መሆኑ ግልጽ ሆነ። በ1919 ሜሪ ፒክፎርድ፣ ቻርሊ ቻፕሊንና ዳግላስ ፌርባንክስ ከዳይሬክተሩ ዲ. ደብሊው ግሪፊዝ ጋር ሆነው ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ስማቸው የሚያመጣውን ትርፍ ለሌላ ሰው ከመተው ራሳቸው ሊይዙት ነው።

ፍሎረንስ ግን እንደነሱ አልሆነላትም። በ1930ዎቹ ስሟ እንኳን የማይጻፍባቸው ትንንሽ ሚናዎች ላይ ነበር የምትታየው። በ1938 ስትሞት ሆሊውድ ውስጥ ተቀበረች፤ መቃብሯ ላይ ግን ስም አልተጻፈም። ከ50 ዓመት በላይ እንዲሁ ቆይቶ በ1991 ነው የመቃብር ድንጋይ የቆመላት። ድንጋዩ ላይ ከስሟ ጋር "የመጀመሪያዋ ሙቪ ስታር" የሚል ተጻፈ።

ዛሬስ ስታር አለ?

ብዙ ሰው "የድሮው ዓይነት ስታር ቀረ" ይላል። ምክንያት አለው። ስፓይደርማንን ቶቢ ማጓየር ሠራው፣ ከዚያ አንድሪው ጋርፊልድ፣ ከዚያ ቶም ሆላንድ። አክተሩ ተቀያየረ፤ ሰዉ ግን ፊልሙን ማየቱን አልተወም። እዚህ ጋ ትኬቱን የሚሸጠው ከአክተሩ ስም ይልቅ የገጸ ባሕሪው ስም ነው። ገጸ ባሕሪው ደግሞ የኩባንያ ንብረት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ "ሙቪ ስታር" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ፊልም እሱ ባይኖርበት አየው ነበር? መልሱ "አላየውም" ከሆነ ቃሉ ይገባዋል። "አየው ነበር" ከሆነ ደግሞ "ጎበዝ አክተር" በሉት፤ እሱም ትንሽ ስም አይደለም። ግን ስሙን አትርሱት።

ለእናንተ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ ፊልሙን የምታዩለት አክተር ማነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።