የቤት ዕዳን ቀድሞ መክፈል

በአዲስ አበባው የ20/80 የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ይከፍላል፤ ቀሪው የባንክ ብድር ነው። በረጅም ጊዜ ብድር መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ክፍያ የሚበላው ወለድ ነው። ለምሳሌ 1,000,000 ብር በ12 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት የተበደረ ቤተሰብ በወር 11,011 ብር ገደማ ይከፍላል። ከመጀመሪያው ክፍያ 10,000 ብሩ ለወለድ ይሄዳል፤ ዕዳው የሚቀንሰው በ1,011 ብር ብቻ! በየወሩ 13,000 ብር ቢከፍል ግን ዕዳው በ12 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ያልቃል፤ ከ700,000 ብር በላይ ወለድም ይቀርለታል። ሆኖም ለባንክ የተከፈለ ብር ለሕክምና ቢፈለግ አይመለስምና የመጠባበቂያ ገንዘብና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይቅደም። እቁብ ሲወጣ የተረፈውን ለዕዳው ማዋል ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ ከዋናው ብድር እንዲቀነስ ለባንኩ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ውሉ ላይ ቀድሞ በመክፈል የሚጣል ቅጣት አለመኖሩንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።