አሮጌ የእጅ ሰዓት በኢንተርኔት ለሚገዛ ነጋዴ

በስዊስ አገር የተሠራ አሮጌ የእጅ ሰዓት በኢንተርኔት የሚገዛ ነጋዴ ዕቃውን ሳይዳስስ ገንዘቡን አስቀድሞ ስለሚልክ፣ ከክፍያው በፊት ሊመረምር የሚገባው ነገር አለ።

ይኸውም በጨለማ የሚያበራው ቅብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ቅቡ የሚዘጋጀው በራዲየም ነበር፤ በ1960ዎቹ ግን በትሪቲየም ተተካ። ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ከሰዓቱ ፊት ግርጌ፣ የስዊስ ሥራ መሆኑን ከሚገልጸው ጽሕፈት አጠገብ የምትታተመው ቲ የተባለችው የላቲን ፊደል ናት። እንግዲህ ሻጩ የ1955 ነው የሚለው ሰዓት ይህችን ፊደል ይዞ ቢገኝ፣ ወይ ዓመቱ ወይ ፊቱ የራሱ አይደለም። ደግሞም የትሪቲየም ኃይል በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ1965 ከተቀባው ዛሬ የቀረው ከመቶ 4 እጅ አይሞላም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ደምቆ የሚያበራ የ60 ዓመት ሰዓት ቅቡ የታደሰ ነው፤ ሻጩ ግን ይህንኑ እንደ ምስጋና ይጽፈዋል! የታደሰ ሁሉ ሐሰተኛ ነው አይባልም፤ ዋጋው ግን ሊቀነስ ይገባል።

ከዚህም በቀር የጀርባው ክዳን ተከፍቶ የውስጡ መኪና ፎቶግራፍ እንዲላክ መጠየቅ ያሻል። በዚያ ዘመን የተሠራ ኦሜጋ መለያ ቁጥሩ በመኪናው ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ዓመቱን ለማመሳከር ይረዳል። ክዳኑን አልከፍትም ለሚል ሻጭ ገንዘብ አይላክም። የራዲየሙን ሰዓት የገዛ ሰው ደግሞ ቅቡን ራሱ እንዳይፍቅ፤ ትቢያው ወደ ሳንባ ቢገባ አደገኛ ነው።