የተበከለ አፈርን በሙቀት ማጽዳት፦ ከማቃጠል በምን ይለያል?

በሊቦ ከምከም ወረዳ ከምትገኘው ይፋግ ወደ ጣና ሐይቅ በሚወርደው ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት በስፋት ይመረታሉ። በተለይ የመስኖ ሽንኩርት ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ብዙም አይመረትም። ኬሚካል ባለበት ደግሞ የፈሰሰ ወይም ጊዜው አልፎ በመጋዘን የቀረ አይታጣም። እንደ ዲዲቲ ያሉት በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆዩ፣ በጎርፍ ታጥበውም ወደ ወንዝ ሊገቡ ይችላሉ።

እንዲህ ያለውን አፈር ለማጽዳት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ሙቀት ነው። ሆኖም አፈሩ በእሳት አይነድም። እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ከ100 እስከ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ በሚሽከረከር ከበሮ ወይም በተሸፈነ ክምር ውስጥ እንዲግል ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ኦርጋኒክ በካዩ ተን ሆኖ ከአፈሩ ይለያል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ተኑ በቱቦ ተስቦ እንዲቀዘቅዝና በከሰል ማጣሪያ እንዲያዝ፣ ወይም በልዩ ምድጃ እንዲወድም መደረግ አለበት። ካልተያዘ ብክለቱ ከመሬት ወደ አየር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

በቬትናም ዳናንግ አውሮፕላን ማረፊያ ከጦርነት የቀረ ዳይኦክሲን ያለበት አፈር 335 ዲግሪ እንዲሞቅ ተደርጎ ጸድቷል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሮ በ2018 ተጠናቋል።

ኢትዮጵያ እስካሁን ያላት ዋነኛ ልምድ የኬሚካሉን ክምችት ማስወገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ፣ 1,500 ቶን ገደማ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ታሽጎ ወደ ፊንላንድ በመላክ በከፍተኛ ሙቀት ምድጃ እንዲወገድ ተደርጓል። ኬሚካልን በበርሜል አሽጎ ባሕር ማሻገር ይቻላል፤ የሰረገበትን አፈር ሁሉ መጫን ግን የሚታሰብ አይደለም።

የሜዳው ዋልካ አፈርም የራሱ ፈተና አለው። ሸክላነቱ ኬሚካሉን አጥብቆ ይይዛል፤ ክረምት ላይ የቋጠረው ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ነዳጁም በከንቱ ያልቃል። በመሆኑም እንዲህ ያለ ሥራ ለበጋ የሚመች ነው። ሙቀቱ እንደ መዳብና አርሴኒክ ያሉትን ብረት ነክ በካዮች አያስወግድም። ብስባሹንና በአፈሩ ውስጥ ያሉትን ደቂቅ ሕዋሳት ስለሚያጠፋም፣ የጸዳው አፈር ለእርሻ ከመመለሱ በፊት ኮምፖስት ይሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው በጓሮ የሚለኮሰው እሳት ነው። ክሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች በተራ እሳት ሲነዱ ዳይኦክሲን ሊፈጠር ይችላል፤ ጭሱም በቅድሚያ የሚደርሰው ለቤተሰቡና ለጎረቤት ነው። ስለዚህ ኬሚካል የፈሰሰበት አፈርም ሆነ ባዶ ዕቃው መቃጠል የለበትም። አፈሩን በውኃ ማጠብም መርዙን ወደ ጉድጓድ ማውረድ ነው። ቦታው በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሕፃናትና ከብቶች እንዳይቀርቡ ታጥሮ፣ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።