የዓይን ሌንሱ የጠፋ ካሜራ

ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አንኮበር፣ ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል መመልከት ለፎቶግራፍ አንሺ ታላቅ ደስታ ነው። ከተማሪዎቻችን ጋር በዚያ በተገኘንበት ዕለት ግን አንደኛው ተማሪ ከአባቱ የወረሰው የፊልም ካሜራ፣ «ዜኒት»፣ ከመመልከቻው ቀዳዳ ላይ ትንሿ የዓይን ሌንስ ወልቃ ጠፍታ ተገኘች። ልጁም ካሜራው አበቃለት ብሎ አዘነ። በእርግጥ አብቅቶለት ነበርን?

በዚህ ዓይነቱ ካሜራ በፊተኛው ሌንስ የገባውን ብርሃን በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስተዋት ወደ ላይ ይመልሰውና በደብዛዛ ብርጭቆ ላይ ምስል ይሠራል። ምስሉን የምናየው በፕሪዝም በኩል ነው። በፕሪዝሙ ውስጥ ያለው መንገድ 9 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ ብርጭቆ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.5 ያህል በመሆኑ፣ የኩሬ ወለል ቀርቦ እንደሚታይ ሁሉ ምስሉም 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ዓይናችን ያለ ድካም አጥርቶ የሚያየው ግን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የራቀውን ነው። ስለዚህ የዓይን ሌንሷ ከምስሉ የሚመጡትን ጨረሮች ትይዩ አድርጋ ለዓይን ታቀርባለች፤ የትኩረት ርቀቷም 6 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ወደ 17 ዳዮፕትር መሆን አለበት።

ከ1 እስከ 4 ዳዮፕትር ያለው የማንበቢያ መነጽር ለዚህ አይበቃም። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት አራት እጥፍ ማጉያ ግን የትኩረት ርቀቱ 25 ለ4 ተካፍሎ 6.25 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ይስማማል። ማጉያውን በቀዳዳው ላይ ይዘን የደብዛዛው ብርጭቆ ሸካራነት ጎልቶ ከታየን ተገቢው ነው፤ በጥቁር ወረቀት ቀለበት አጥብቀን እናስረዋለን። በዚህ ካሜራ ፀሐይን በቀጥታ መመልከት ግን ዓይንን ይጎዳል።

ልኩ በጥቂቱ ቢዛነፍስ? ምስሉ የሚጠራው በደብዛዛው ብርጭቆ ላይ ነው፤ ከመስተዋቱ እስከ ብርጭቆው ያለው ርቀት ደግሞ እስከ ፊልሙ ካለው ጋር እኩል ነው። የዓይን ሌንሷ በፊልሙ መንገድ ላይ ስለሌለች ፎቶግራፉን አታበላሽም።

በዚያው ዕለትም ሌንስ አልፈለግንም። የፊተኛውን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ16 ቀዳዳ ከፍተን ርቀቱን 5 ሜትር ላይ ስናደርግ፣ ከ3 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጠርቶ ይወጣል። ልጁ የአንኮበርን ገደል ያነሣው በባዶው ቀዳዳ ነበር።