የ50 ዶላሩ ጥፋተኝነት

አንድ ድርጊት ሁለት ክስ ሲወልድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች መለኪያቸው አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ክስ ሌላው የማይጠይቀውን ፍሬ ነገር ማስረዳት ይፈልጋል ወይ? የሚፈልግ ከሆነ ወንጀሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን ከዋጠው አንድ። መለኪያው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከተወሰነው የብሎክበርገር ጉዳይ ነው። ሰውየው ሞርፊን ቴምብር ካለበት እሽግ ውጭ ሸጠ፤ ያንኑም የሸጠው ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ ነበር። ሽያጩ አንድ፣ ወንጀሉ ሁለት ተባለ፤ ተረታ።

ይህን የሕግ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚያበሽቀኝ «ሁለቱ ቅጣት ጎን ለጎን፣ በአንድ ጊዜ፣ ከታሰበ ሁለተኛው ጥፋተኝነት ምን ይጎዳል?» የሚለው ወሬ ነው። ጠበቆችም ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ያውም ደንበኛቸው አጠገባቸው ቆሞ!

ይጎዳል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1985 በታየው የቦል ጉዳይ፣ ቀድሞ የተፈረደበት ሰው አንዱኑ መሣሪያ «ተቀብለሃል»ም «ይዘሃል»ም ተብሎ ተቀጣ። ሳይዝ እንዴት ይቀበላል? ይግባኝ ሰሚው ቅጣቶቹ ጎን ለጎን ይታሰቡ ብሎ ሊያልፈው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን አንደኛው ጥፋተኝነት ራሱ ይሰረዝ አለ፤ የትኛው እንደሚሰረዝ የሥር ዳኛው ይምረጥ። ትርፉ ጥፋተኝነት አመክሮን ሊያዘገይ፣ ነገ ሌላ ክስ ቢመጣ ቅጣት ሊያከብድ፣ ሰውየው ሲመሰክርም ቃሉን ሊያሳጣው ይችላል።

የምወደው ግን የ1996ቱ የረትሌጅ ጉዳይ ነው። አንዱ ሌላውን በሚውጥ ሁለት ክስ፣ ሁለት የዕድሜ ልክ እስራት፣ ጎን ለጎን! ሰው ያለው ዕድሜ አንድ ስለሆነ ሁለተኛው ባዶ ቃል ይመስላል። ሆኖም ሕጉ በእያንዳንዱ ጥፋተኝነት 50 ዶላር ያስከፍል ነበር። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ያቺው 50 ዶላር ቅጣት ናት አሉ።

መንግሥትም ሁለተኛውን ጥፋተኝነት እንደ መጠባበቂያ ጎማ ሊያስቀምጠው ፈልጎ ነበር፤ ዋናው በይግባኝ ቢፈርስስ በሚል። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፦ ከባዱ ጥፋተኝነት እሱን ብቻ በሚነካ ምክንያት ከፈረሰ፣ ይግባኝ ሰሚው በውስጡ በታቀፈው ቀላል ወንጀል ፍርድ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ ይግባኝ የምትጽፉ ሆይ፣ «ጎን ለጎን ይታሰብልን» ብላችሁ አትቁሙ። ይሰረዝልን በሉ።