በሰሜን ተራሮች ፓርክ የት ቆሞ ምን ማየት ይቻላል?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1969 ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስለ ውበቱ ብዙ ተብሏል፤ እኛ የምናስረዳው ተመልካቹ የት ቢቆም ምን እንደሚያይና ምክንያቱን ነው።

ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንካበር የደረሰ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ጭላዳን ነው። ለዚህም ፀሐይ ሞቅ ሲል ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብሎ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ጭላዳ ሌሊቱን ከአውሬ ለመዳን ገደል ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። ምግቡ ከሞላ ጐደል ሣር ስለ ሆነ፥ ቀኑን ሙሉ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ በጣቶቹ ሲነቅል ይውላል። ስለዚህ ገደልና ሣር በማይገናኙበት ሥፍራ ጭላዳን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ግጭ በሚወስደው መንገድ የጅንባር ፏፏቴ ወደ 500 ሜትር ግድም ቁልቁል ይወረወራል። በመስከረምና በጥቅምት ሙሉ ነው፤ በመጋቢት ሄዶ ክር የምታህል ውሃ ያየ ሰው ግን ፏፏቴውን ባያማ መልካም ነው።

ከግጭ ሜዳ ወደ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ሲወጣ ጅብራው በጓሳው መካከል ቆሞ ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ ሜዳ ባዶ አልነበረም። ገብስ የሚዘራበትና ከብት የሚሰማራበት የግጭ መንደር እስከ 2016 ድረስ እዚያው ነበረ፤ ነዋሪዎቹ በዚያ ዓመት ወደ ደባርቅ እንዲሠፍሩ ተደረገ። ፓርኩም ከ1996 ጀምሮ ተጽፎበት ከነበረው አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ በ2017 ወጣ። የሣሩ ማገገም ለአራዊቱ ጥቅም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የተፈጥሮ ተማሪ ሣሩን ሲለካ፥ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ በከተማ ዳር በምን እንደሚተዳደር ሳይጠይቅ ቢቀር ጥናቱን ጎደሎ እንለዋለን።

ለዋልያ ግን ከሁሉ ጨነቅ ይበልጣል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በዱር አይገኝም፤ ማለዳና ወደ ማታ ከብዋሂት በታች ባለው ገደላገደል ሲግጥ ይታያል። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ የተቈለመመ ነው። ቀይ ቀበሮን ማየት የዕድል ነገር ነው፤ አይጥ አዳኝ ስለ ሆነ ገላጣውን ሜዳ በመነጽር መቃኘት ይሻላል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታም ከመንደር ውሾች ይጋባበታል፤ ስለዚህ ውሻ አስከትሎ ወደ ፓርኩ መግባት አይገባም።