ፍሪጁ ሌሊት ምን ይላል?

ፍሪጅ በደንብ የሚሰማው ሌሊት ነው። ቀን የልጆች ጫጫታ፣ ቴሌቪዥኑና የመንገዱ ግርግር ይውጡታል፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ማጉረምረሙ፣ ጠቅታው፣ መንተክተኩ አንድ በአንድ ይለያል። ማብሰያውና አልጋው አንድ ክፍል በሚጋሩበት የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥማ ፍሪጁ ራስጌ ላይ የቆመ ያህል ነው። አዲስ ፍሪጅ ያስገባ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልን» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አብዛኞቹ ድምፆች ግን ፍሪጁ ሥራው ላይ መሆኑን የሚናገሩ ናቸው።

ቶሎ ቶሎ የሚሰማው ማጉረምረም የሚመጣው በተለምዶ «ሞተር» ከሚባለው ኮምፕሬሰር ነው፤ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከታች የተቀመጠው ጥቁር ድቡልቡል ብረት ማለት ነው። ሞተሩ በዚህ ብረት ውስጥ ታሽጎ፣ በሞላዎች ተደግፎ በቱቦዎቹ የሚዞረውን ጋዝ እየጨመቀ ይገፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የሞተሩ መግነጢስ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ወፍራሙ «እምምም» ከዚያ ነው። ሲነሳና ሲቆም ሞላዎቹ ላይ ነቅነቅ ስለሚል ትንሽ «ዷ» ማለቱም ያለ ነው። ቀድሞ የሚሰማው «ጠቅ» ደግሞ ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሞተሩን ሲያስነሳው ነው። በፋሲካ ማግስት የበግ ሥጋና በቅጡ ያልበረደ የዶሮ ወጥ የታጨቀበት ፍሪጅ ለረጅም ሰዓት ባያርፍ አይገርምም። ኢንቨርተር የሚባሉት አዳዲሶቹ ፍሪጆች ደግሞ እንደ ሥራው ብዛት ፍጥነታቸውን ስለሚቀያይሩ ድምፃቸው አንዴ ቀጠን፣ አንዴ ወፈር ይላል።

ሰውን ይበልጥ የሚያስደነግጠው የፈሳሽ ድምፅ ነው። ውስጡ ይንተከተካል፣ ይንቦለቦላል፣ «ሽሽሽ» ይላል። «ጋዙ እያመለጠ ነው» ተብሎ ጠጋኝ የሚጠራው፣ አልፎ ተርፎም ጋዝ ባልጎደለው ፍሪጅ ላይ የማስሞያ ገንዘብ የሚወጣው በዚህ ሰበብ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዘው በማፍላት ነው። በቱቦዎቹ የሚዞረው ጋዝ እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። አር-134ኤ የተባለው በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ፣ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-600ኤ ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ላይ። ሞተሩ የጨመቀው ጋዝ መጀመሪያ ሙቀቱን ወደ ውጭ ለቆ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም የውስጥ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀጭን ቧንቧ እየተጨናነቀ ያልፍና ፍሪዘሩ ጋ ሲደርስ ግፊቱ በድንገት ስለሚቀልለት ይፈላል። የሚያፈላውን ሙቀት ከየት ያመጣል? ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከውሃው ነው የሚወስደው። ጆሮ የሚሰማው መንተክተክም ይኸው ነው። ጋዝ በእርግጥ ሲያመልጥ ብዙውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ የሚታወቀው ሞተሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ሲል፣ ወይም በረዶው የፍሪዘሩን አንድ ጥግ ብቻ ሲይዝ ነው።

«ሽሽታው» ሞተሩ ካረፈ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ይቀጥላል። በአንድ ወገን ታጭቆ የነበረው ጋዝ በቀጭኑ ቧንቧ ወደ ሌላው ወገን እያለፈ ግፊቱ እኩል እየሆነ ነው። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ይህን ማወቅ ይጠቅማል። መብራት ሄዶ ወዲያው ከተመለሰ ሞተሩ ያልቀለለ ግፊት ተሸክሞ ለመነሳት ይታገላል። «እም» ብሎ ያቃስትና አልነሳ ሲል የራሱ የሞተሩ መከላከያ «ጠቅ» አድርጎ ያጠፋዋል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። አንድ ሁለቴ ሞክሮ ከተነሳ ችግር የለም። «እም፣ ጠቅ» ለረጅም ጊዜ ከተደጋገመ ግን የመብራቱ ኃይል አንሷል፣ ወይም ማስነሻው ተበላሽቷልና ፍሪጁን መንቀል ይገባል። ኃይል መልሶ ከመልቀቁ በፊት ጥቂት ደቂቃ የሚጠብቅ መከላከያ የሌለው ቤት፣ መብራት ሲሄድ ነቅሎ፣ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ ቢሰካው የሞተሩን ዕድሜ ያተርፋል።

በረዶ በማይሠሩት «ኖ ፍሮስት» ፍሪጆች ሌሎች ድምፆች ይጨመራሉ። ቅዝቃዜውን የሚያዳርስ ፋን ስላላቸው «ሽው» ይላሉ፤ በብዙዎቹ በሩ ሲከፈት ፋኑ ስለሚቆም ድምፁም አብሮ ይጠፋል። በየተወሰነ ሰዓቱ ደግሞ ከፍሪዘሩ የውስጥ ግድግዳ ጀርባ የተደበቀ ማሞቂያ በቱቦው ላይ የያዘውን በረዶ ያቀልጣል። የቀለጠው ጠብታ ማሞቂያው ላይ ሲያርፍ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ እንዳለ ሁሉ «ቸስ» ይላል። ውሃው በቱቦ ወርዶ ከሞተሩ በላይ ባለች ሳህን ይጠራቀምና በሞተሩ ሙቀት ይተናል። «ቀጭ» ወይም «ጧ» የሚለው ነጠላ ድምፅ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ፕላስቲኩ ሲለጠጥና ሲኮማተር የሚወጣ ነው።

መንቀጥቀጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአቀማመጥ ነገር ነው። የተነካኩ ጠርሙሶች፣ አናቱ ላይ የተጫነ ትሪ፣ ግድግዳውን የነካ የጀርባ ቱቦ፣ አንድ እግሩ መሬት ያልያዘ ፍሪጅ ቤቱን ሊረብሹ ይችላሉ። እግሩን አስተካክሎ ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ሳንቲም አያስወጣም።

ጨርሶ ድምፅ የሌለው ፍሪጅም አለ። ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ሞተር የሌለው፣ በሙቀት ብቻ የሚሠራ ፍሪጅ ፈጠሩ። የእነሱ ዓይነቱ በላምባ ነበልባልም ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው ጤና ተቋማት ክትባት ሲያቀዘቅዝ ኖሯል፤ ዛሬም እንግዳ እንዳይረብሽ በሆቴል መኝታ ክፍሎች ይገኛል። በሞተር የሚሠሩትም ቢሆኑ በድምፃቸው መመዘን ጀምረዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ወዲህ የሚሸጥ ፍሪጅ የድምፁ መጠን በዴሲቤል ተለክቶ ይለጠፍበታል። ከ30 በታች የሆነው የመጀመሪያውን ደረጃ፣ 42ና ከዚያ በላይ የሆነው የመጨረሻውን ይይዛል።

ፋኑ ከበረዶ ጋር እየተፋጨ «ክርክር» ካለ፣ ሞተሩ ብረት ከብረት እንደሚጋጭ ካንኳኳ፣ ወይም ፍሪጁ እየጮኸ ምግቡ ከሞቀ ባለሙያ መጥራት ነው። ባለሙያው ሲደርስ ድምፁ ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድሞ በስልክ መቅዳት ይበጃል። ድምፁ የመጣው ሞተሩ ሊነሳ ሲል፣ እየሠራ ሳለ ወይስ ካረፈ በኋላ እንደሆነ፣ በሩ ሲከፈትስ ይቆም እንደሆነ አብሮ መያዝ ደግሞ ፍለጋውን ያሳጥርለታል።